በአንድ ጊዜ ብዙ በጥይት የተመታ ሰው ቢመጣ ትንሽ ሆስፒታል ምን ያድርግ?

ነርስ ከጮቄ ሥር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሆስፒታሉን በስም አልጠራም፣ ችግሩም የእኛ ብቻ አይደለም። ጥያቄዬ ለቀዶ ሐኪሙም፣ ለማደንዘዣ ባለሙያውም፣ ለደም ባንኩም፣ ለሾፌሩም ነው።

አንድ በጥይት የተመታ ሰው ሲመጣ እንሠራለን። ሠርግ ላይ በደስታ ተኩስ የተመታ፣ በመሬት ድንበር ተጣልቶ የተመታ፣ ሁሉንም አይተናል። ሁለት ሦስት ቢሆኑም እንደምንም ነው። ብዙ ሰው በአንድ አይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ ግን ሁሉ ነገር ይደበላለቃል። ቀድሞ የወረደ ቀድሞ አልጋ ይይዛል። የሚጮኸውን ሁሉም ይከበዋል። ጥግ ላይ ጋቢ ለብሶ ዝም ያለውን ሰው የሚያየው የለም። ጋቢ ደግሞ ደም ይመጥጣል። ከላይ ነጭ እንደሆነ ከሥር ርሶ ታገኙታላችሁ። ስትገልጡት ነው ጭኑን እንደተመታና ሰውየው እየደከመ እንደሆነ የሚታወቀው።

ያለን ይሄ ነው። አንድ ኦፕሬሽን ክፍል፣ አይ ኢ ኤስ ኦ የምንላቸው ሁለት የድንገተኛ ቀዶ ጥገና ባለሙያዎች፣ አንድ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ሌሊት ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሁለት ነርስና አንድ ጂፒ፣ ማለትም ጠቅላላ ሐኪም። ደም ከደብረ ማርቆስ ነው የሚመጣው። መንገድ ሲዘጋ ወይም ኔትዎርክ ሲጠፋ እጃችን ላይ ባለው ብቻ እንቀራለን። የአደጋ ጊዜ ዕቅድ የሚባል ወረቀት አለ፣ ቢሮ ፋይል ውስጥ። የሌሊት ተረኛ አይቶት አያውቅም።

ዕቃ ይገዛ ስንል መልሱ በጀት የለም ነው። እሺ፣ የለም እንበል። ያለ በጀት፣ ባለን ሰውና ባለን ቤት፣ ከነገ ጀምሮ ምን መለወጥ እንችላለን? በሥራ ያያችሁትን ንገሩኝ፣ ወረቀት ላይ ያለውን አውቀዋለሁ።

ቀዶ ሐኪም፣ ባሕር ዳር፦

እህቴ፣ ግማሹን መልስ ራስሽ ተናግረሽዋል። ሰውን የሚገድለው በአመጣጡ ቅደም ተከተል ማስተናገድ ነው። ለካርድ ክፍል ይሠራል፣ ለጥይት አይሠራም።

መጀመሪያ በር ላይ አንድ ሰው ይቁም። ይህ ሰው አያክምም። ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ) አይሰካም፣ ቁስል አይሰፋም፣ ስልክ አያነሳም። ሥራው ማየትና መለየት ብቻ ነው። ይራመዳል? ሲያናግሩት ይመልሳል? የእጁ ትርታ ይገኛል? እንዴት ነው የሚተነፍሰው? ደም የት ነው የሚፈሰው? የሚፈስ እግር ወይም እጅ ካለ በጉልበት እንዲያዝ ወይም እንዲታሰር ያደርጋል፣ የአየር መተላለፊያውን የዘጋው ነገር ካለ ያስከፍታል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። ይህ የግድ ዶክተር መሆን የለበትም። እንዲያውም ያላችሁ አንድ ጂፒ በር ላይ ከቆመ ውስጥ ማን ይሠራል? ልምድ ያላት ነርስ ናት በር ላይ መቆም ያለባት።

ላስ ቬጋስ ላይ በኦክቶበር 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ሙዚቃ ሊሰማ የወጣ ሕዝብ ላይ ጥይት ሲዘንብ፣ ሰንራይዝ የሚባለው ሆስፒታል ከ200 በላይ ቁስለኛ ተቀብሏል። አብዛኛው በአምቡላንስ ሳይሆን ባገኘው መኪና ነው የመጣው። የሌሊቱ ተረኛ የድንገተኛ ሐኪም ኬቨን ሜነስ መጀመሪያ ውጭ ቆሞ ይለይ ነበር። ውስጥ የሚያዩት ሲበዙበት በሩን ለነርሷ አስረክቦ ገባ። እኔ ከእሱ የወሰድኩት ይህን ነው፦ ቀለሙን የለጠፈው ሰው ላይ ሳይሆን ቦታ ላይ ነው። እያንዳንዱ አንገት ላይ ካርድ ሲያንጠለጥሉ ጊዜ ይሄዳል። ይህ ክፍል ቀይ ነው (አሁኑኑ መታከም ያለበት)፣ ያኛው ቢጫ (ጥቂት መጠበቅ የሚችል)፣ ኮሪደሩ አረንጓዴ (ቀላል ጉዳት ያለበት) ከተባለ፣ ሰውየው የተኛበት ቦታ ራሱ ካርዱ ነው። ሜነስ ይህን ሁሉ የፈጠረው ያን ሌሊት አይደለም። ብዙ ሰው ቢመጣብኝ ምን አደርጋለሁ ብሎ አስቀድሞ ሲያስብበት ነበር።

ለእናንተ እንዲህ አድርጉት። ድንገተኛ ክፍሉ ቀይ ይሁን፣ ለደም የሚፈሳቸውና ለመተንፈስ ለተቸገሩት ብቻ። ቢጫው አጠገቡ ያለ ዋርድ ይሁን። የሚራመዱት በሙሉ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ይሂዱ፣ በሌላ በር። አንድ ነርስ ከእነሱ ጋር ትቀመጥና ደጋግማ ትያቸው፣ አረንጓዴ የተባለ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ አይቆይምና። ሆዱን በትንሽ ቀዳዳ የተመታ ሰው በእግሩ ገብቶ ከሰዓት በኋላ ሲወድቅ አይቻለሁ። ሊድን የማይችለውም ቢሆን ለብቻው ቦታ፣ የሚቀመጥለት ሰውና የሕመም ማስታገሻ ይኑረው። እጅ ሲገኝ ደግሞ እንደገና ይታይ።

ልብስ ይገለጥ። ጋቢው፣ ኮቱ፣ ሱሪው ይቀደድ። ጥይት የገባበትን ታገኛላችሁ፣ የወጣበትን ግን ሳታገላብጡ አታዩትም። ብብት፣ ብሽሽት፣ መቀመጫ፣ ጀርባ ይታይ።

ኦፕሬሽን ክፍሉ አንድ ከሆነ ረጅም ቀዶ ጥገና አይሠራም። ደም የሚፈሰውን ማሰር፣ የተበሳ አንጀት እንዳይፈስ መዝጋት፣ ሆዱን በጊዜያዊ መሸፈኛ ሸፍኖ መውጣት። የቀረውን ሰውየው ሲሞቅና ሲረጋጋ ትጨርሱታላችሁ ወይም ሪፈር ታደርጉታላችሁ። ደረቱን የተመታ አብዛኛው ሰው ቸስት ቲዩብ (ደረት ውስጥ የሚገባ ማፍሰሻ ቱቦ) ብቻ ይበቃዋል፣ ኦፕሬሽን ክፍል አያስገባም። የጥይት ቁስል ደግሞ በዕለቱ አይሰፋም። የሞተው ሥጋ ተቆርጦ፣ ታጥቦ፣ ክፍት ሆኖ በጎዝ ይሸፈናል፣ ንጹሕ ከሆነ በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ይዘጋል። ቸኩሎ የተሰፋ እግር ስንት ጊዜ መግል ይዞ እንደሚመጣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ቴታነስና አንቲባዮቲክ እንዳይረሳ።

ማደንዘዣ፣ ፍኖተ ሰላም፦

ዶክተር ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ደምና ስለ ብርድ ልጨምር።

ተኩስ ከተሰማ በኋላ ሕዝቡ ደም ልስጥ ብሎ ግቢውን ይሞላል። እግዜር ይስጣቸው፣ ግን በዚያች ሰዓት ሰው የሚያድነው ቀድሞ ተሰጥቶ፣ ተመርምሮ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ደም ነው። የተለገሰ ደም ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሙቀት ተጠብቆ 35 ቀን ያህል ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ ልትሠሩት የምትችሉት ነገር ከደም ባንኩ ጋር ተነጋግሮ፣ ፍሪጃችሁ ውስጥ ሁልጊዜ የማይነካ መጠባበቂያ እንዲኖር ማድረግ ነው። ቀኑ ሳያልፍ ለወላድ ወይም ለሌላ ታካሚ ይውላል፣ በምትኩ አዲስ ይገባል። አይባክንም።

ከዚያ የለጋሾች ዝርዝር። መምህራን፣ የኮሌጅ ተማሪዎች፣ ሰንበት ተማሪዎች፣ የመስጊድ ጀመዓ፣ የራሳችሁ ሠራተኞች። የደም ዓይነታቸው አስቀድሞ የታወቀ ይሁን። ስልክ ቁጥር ብቻ ግን አትመዝግቡ። ኔትዎርክ በጠፋ ቀን ያ ወረቀት ምንም አይሠራም። ቀበሌውን፣ ሰፈሩን፣ ጎረቤቱን ጻፉ፣ ልጅ ተልኮ የሚጠራ እንዲሆን። ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ የሚመረመርበት ኪት መኖሩንም ላቦራቶሪው በየጊዜው ይይ።

ለማንም ሊሰጥ የሚችለው ኦ ኔጌቲቭ ደም ብርቅ ነው። የደም ዓይነቱ እስኪታወቅ ለወንድና የመውለጃ ጊዜያቸው ላለፈ እናቶች ኦ ፖዘቲቭ ስጡ፣ ኦ ኔጌቲቩን ለሴት ልጆችና ገና ለሚወልዱ አቆዩት።

ደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ አላችሁ? ለወላድ ተብሎ ማዋለጃ ክፍል ያለው መድኃኒት ራሱ ነው። በ40 አገሮች ከ20 ሺህ በላይ ጉዳተኞች የተሳተፉበት ጥናት በ2010 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ደም ለሚፈሰው ሰው ሞት እንደሚቀንስ አሳይቷል። 1 ግራም በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ከዚያ 1 ግራም በ8 ሰዓት። ግን ከተመታ በ3 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ካለፈ ጉዳቱ ያመዝናል። የእኛ አገር ሰው ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ ሲመጣ ያ ሰዓት መንገድ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ በር ላይ የቆመችው ነርስ ስንት ሰዓት ላይ ነው የተመታው ብላ ትጠይቅ፣ በእስክሪብቶ ክንዱ ላይ ትጻፈው።

ግሉኮስ በላይ በላይ ማንጠልጠል ይቅር። የሚፈስ ደም ሳይቆም በሳላይን የሞላ ሰው ደሙ ይቀጥናል፣ ይቀዘቅዛል፣ መርጋት ያቅተዋል። ጭንቅላቱን ካልተመታ በቀር የእጁ ትርታ እስኪገኝና አእምሮው እስኪነቃ ድረስ በትንሽ በትንሹ ይሰጠው፣ ደም እስኪደርስ።

ብርዱን ደግሞ ማንም አያስበውም። ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የጮቄ አካባቢ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በደም የራሰ ጋቢ ለብሶ በክፍት መኪና ሌሊት የመጣ ሰው ቀዝቅዞ ነው የሚደርሰው፣ የቀዘቀዘ ሰው ደሙ አይረጋም። እርጥቡን አውልቁና በደረቅ ብርድ ልብስ ሸፍኑት፣ መስኮት ዝጉ፣ የሚሰጠውን ፈሳሽ አሙቁ። ይሄ ምንም በጀት አይጠይቅም።

ሚኒባስ ነጂ፣ ደንበጫ፦

እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ግን በዚህ መስመር ተኩስ ሲኖር የሚጭነው ማን መሰላችሁ? አምቡላንስ እስኪመጣ የሚጠብቅ የለም፣ እኛው ነን የምንጭነው። አንዱ የቡና ዱቄት ቁስሉ ላይ ይነሰንሳል፣ አንዱ ውኃ ያጠጣዋል፣ አንዱ በሲባጎ ያስረዋል። እኔም መሪ ይዤ እነዳለሁ እንጂ የቱ ልክ እንደሆነ የነገረኝ የለም። ምን እናድርግ? በአጭሩ ንገሩን፣ ረዳቱም እንዲገባው።

ጤና መኮንን፣ ሞጣ፦

ወንድሜ፣ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለም። ከሁላችንም በፊት ቁስለኛውን የምታገኘው አንተ ነህ።

ቡናም፣ ቅጠልም፣ አፈርም አይደረግ። ንጹሕ ነጠላ ወይም ሸሚዝ አጥፋና ደሙ የሚወጣበት ላይ በሁለት እጅህ፣ በክብደትህ ሁሉ ተጫን። ጥልቅ ከሆነ ጨርቁን በጣትህ ወደ ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ከዚያ ተጫን። ቆመ ወይ ብለህ በየደቂቃው አታንሳ። መኪና ውስጥ ተጭኖ የሚይዝ ሰው ረዳቱ ይሁን፣ እስከ ሆስፒታል በር ድረስ እጁን አያንሳ።

እጅ ወይም እግር ሆኖ ተጭነህ ካልቆመ ይታሰራል። ሲባጎና ሽቦ አይሆንም፣ ሥጋ ይቆርጣል እንጂ ደም አያቆምም። ሦስት ጣት ያህል ስፋት ያለው ጨርቅ፣ ከቁስሉ አራት ጣት ያህል ወደ ላይ፣ ጉልበትና ክርን ላይ ሳይሆን። አንዴ ቋጥረህ ጠንካራ እንጨት አስገባበት፣ እንደገና ቋጥርበት፣ ከዚያ ደሙ እስኪቆም እንጨቱን አዙር። በጣም ያማል፣ ይጮኻል፣ አታላላ። እንጨቱን እንዳይፈታ እሰረው። የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ ጻፍ። አንገት፣ ደረትና ሆድ አይታሰርም። አንጀት ከወጣ ወደ ውስጥ አትመልስ፣ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው። ውኃም ጠላም ምግብም አይሰጠው፣ ኦፕሬሽን ይገባ ይሆናል። ራሱን የሳተውን በጎኑ አስተኛው።

ከተቻለ ደግሞ ቀድመህ ደውል። ስንት ሰው እንደያዝክ፣ ስንቱ መናገር እንደማይችል ብቻ ንገራቸው። አምስት ደቂቃ ቀድሞ ያወቀ ሆስፒታል ሌላ ሆስፒታል ነው።

አሜሪካኖቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ኒውታውን ላይ ትምህርት ቤት ውስጥ ሕፃናት ከተገደሉ በኋላ ነው ይህን ለተራው ሕዝብ ማስተማር አለብን ብለው የተነሱት፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ደም መፍሰስን የማስቆም ዘመቻ ጀመሩ። እኛ ደግሞ የቃሬዛ ማኅበር አለን። ወላድ ተሸክሞ ተራራ የሚወርድ ሰው ጨርቅ ማሰር ቢማር ምን ያቅተዋል? የጤና ኤክስቴንሽኗ በእድር ስብሰባ ላይ በግማሽ ሰዓት ታሳያቸዋለች።

ጡረተኛ ሲስተር፣ ቡሬ፦

ልጆቼ፣ በማሰር ጉዳይ ላይ ልቤ አልረጋም። እኛ ስንማር አትሰሩ፣ እግር ያስቆርጣል ነበር የተባልነው። ታስሮ የጠቆረ እግርም በዓይኔ አይቻለሁ። ለሾፌር ሁሉ ይህን ማስተማር አያስፈራም?

ቀዶ ሐኪም፣ ባሕር ዳር፦

ሲስተር፣ ፍርሃትዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ያዩት እግር ብዙ ሰዓት ታስሮ የቆየ፣ ወይም በቀጭን ገመድ የታሰረ ይሆናል። እስከ 2 ሰዓት ድረስ በጨርቅ የታሰረ እግር አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። የጭን ደም ሥር ተበጥሶ ያልታሰረ ሰው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚሞተው። ሩቅ ከሆነ ምርጫው ከባድ መሆኑን አልክድም፣ ስለዚህ ነው መጀመሪያ መጫን፣ እምቢ ሲል ብቻ ማሰር የምንለው፣ ሰዓቱም የሚጻፈው። እየፈቱ መልሰው ማሰሩ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፣ በየፍቱ ደም ይፈሳል። የሚፈታው ሆስፒታል ውስጥ፣ ለመቆጣጠር የተዘጋጀ ሰው ባለበት ነው።

ነርስ ከጮቄ ሥር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። ከቁስለኛው ጋር ዘመዱ ሁሉ ይገባል። አንዳንዱ መሣሪያ ይዞ ነው። "የእኔን ወንድም መጀመሪያ" ይላል። አንዳንዴም የተኳኮሱት ሁለቱም ወገኖች አንድ ግቢ ውስጥ ይገናኛሉ። በር ላይ የማቆማት ነርስ ያን ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ቢጫ ነህ ትበለው?

ጤና መኮንን፣ ሞጣ፦

ብቻዋን አትቁም። ጥበቃውና አንድ የሚከበር ትልቅ ሰው፣ ቄስም ይሁን ሼህ ወይም የአገር ሽማግሌ፣ ከእሷ ጋር ይሁኑ። ሽማግሌዎቹን አሁን፣ ነገር ሳይነሳ አነጋግሯቸው። መሣሪያ የውጭውን በር አያልፍም፣ የማንም ቢሆን፣ የመንግሥትም የሌላም። ይህ በር ላይ በትልቁ ይጻፍ። ለቤተሰብ ሌላ ቦታ ስጡ፣ ከድንገተኛው ራቅ ያለ ጥላ ያለው፣ በየግማሽ ሰዓቱ መጥቶ የሚያነጋግራቸው አንድ ሠራተኛ መድቡ። ሰው የሚቆጣው ምንም ሳይነገረው ሲቀር ነው። የሁለቱ ወገን ቁስለኞች በተለያየ ክፍል ይተኙ፣ ሕክምናው ግን አንድ ነው።

ከየት ወገን ነህ ብሎ መጠየቅ የእኛ ሥራ አይደለም። ኢትዮጵያ የፈረመቻቸው የ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነቶች 3ኛው የጋራ አንቀጽ ቁስለኛ ሁሉ ተሰብስቦ እንዲታከም ያዛል። በዚህ ምክንያት የሚንገላታ ባለሙያ መኖሩ በጣም ያሳዝነኛል። ለባለሥልጣኑም ለታጣቂውም ደጋግመን መናገር አለብን፣ ዛሬ የተደበደበች ነርስ ነገ በሩ ላይ አትቆምም። የሌሊት ተረኛ ክፍያዋ በጊዜው ሳይሰጣት ቆይቶ፣ በላዩ ደግሞ ይህ ሲጨመርባት ሥራውን ብትተው ማን ይፈርድባታል?

ፋርማሲ፣ ደብረ ማርቆስ፦

ዘግይቼ ነው ያየሁት። ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን ተለማመዱት። ፓሪስ ላይ በኖቬምበር 13 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ማታ የሽብር ጥቃቱ ሲደርስ የከተማዋ የአደጋ ጊዜ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ነገር ልምምድ አድርገው የነበረው በዚያው ቀን ጠዋት ነው። ለእናንተ ገንዘብ አያስፈልግም። ሃያ ወረቀት ላይ ሃያ ቁስለኛ ጻፉ፣ የፅዳት ሠራተኞችና ተማሪዎች ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይምጡ፣ ነርሷ ትለይ፣ ላቦራቶሪው ደም ይፈልግ፣ ሰዓት ይያዝ። ግን ረቡዕ ጠዋት ሁሉም ባለበት አታድርጉት። እሑድ ሌሊት አድርጉት፣ ሳትናገሩ።

ያኔ የመጋዘኑ ቁልፍ እቤቱ በተኛ ሰው ኪስ ውስጥ እንደሆነ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ሳጥን አዘጋጁ፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ በቁልፍ ሳይሆን በፕላስተር የታሸገ። ፕላስተሩ ካልተቀደደ ሙሉ ነው፣ ከተቀደደ ተረኛዋ በርክክብ ሰዓት ቆጥራ ታሟላለች። ውስጡ ጎዝና ሰፊ ፋሻ፣ ትልልቅ ካኑላ፣ ቸስት ቲዩብ ከነጠርሙሱ፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ ኬታሚን (ማደንዘዣ)፣ ሴፍትሪያክሶን (አንቲባዮቲክ)፣ ቴታነስ ፍሪጅ ውስጥ መኖሩን የሚያስታውስ ወረቀት፣ የልብስ መቀስ፣ ማርከር፣ የእጅ ባትሪ። ኬታሚኑ ቁጥጥር ስላለው በተረኛዋ ፊርማ ይሁን። የጀነሬተሩ ናፍታም ከዚያው ጋር ይታይ፣ የኦክሲጅን ማሽኑ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማልና ሲሊንደር ሙሉ ይሁን።

ነርስ ከጮቄ ሥር፦

ሳጥኑን ነገ እጀምራለሁ፣ የለጋሾቹን ዝርዝር ከላቦራቶሪው ልጅ ጋር ተነጋግረናል። ልምምዱን ከበዓሉ በኋላ እናደርገዋለን። የደብረ ማርቆሱ ወንድሜ፣ ሃያዎቹን ወረቀቶች ጽፈህ የተጠቀምክበት ካለህ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ በተለይ የሕፃናቱን፣ እነሱን መለየት ላይ እኛ ጋ ማንም አልሠለጠነም።